አንተ፣ አንቱ እና ንጉሥ ሊር

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ በወጣቶች የጸሎት ምሽት፣ ከመካነ ሰላም ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ አንድ ወንድም ድምፁን አውጥቶ ጸለየ። ከእኛ ጋር መሰብሰብ ከጀመረ ወር አልሞላውም ነበር። «አባት ሆይ፣ አንቱ ያውቁኛል፤ ቤቴንም ያውቁታል» ብሎ ጀመረ። ከኋላ ወንበር የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያደረግሁት ግን ከሳቁ አይሻልም። ሲያበቃ በር ላይ ጠብቄ፣ ትከሻውን ይዤ፣ «ጌታን አንቱ አንለውም፤ አንተ ነው የምንለው፤ ቅርባችን ነውና» አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ «እኔ እኮ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ ለብዙ ሳምንታት ድምፁን አውጥቶ ሲጸልይ አልሰማሁትም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ጸሎት አይደለም። ስለ ዊልያም ሼክስፒር ነው፤ በተለይም «ንጉሥ ሊር» ስለተባለው ተውኔቱ። ነገር ግን ያንን ተውኔት እንደ ገና እንዳነብ ያደረገኝ የዚያ ልጅ መልስ ስለሆነ ከእርሱ መጀመር ነበረብኝ።

መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ ሼክስፒርን ማን ያነብባል ትሉ ይሆናል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከተማችን ስላለ በኅብረታችን ውስጥ ተማሪዎች አልጠፉም፤ ከእነርሱም መካከል እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚወዱ፣ ወይም ወደዱም ጠሉም ሊፈተኑበት የግድ የሆነባቸው አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋቢያችንን ደርበን አዳራሹ ውስጥ እንቀመጣለን። አንዱ እንግሊዝኛውን ያነብባል፤ ሌላው እዚያው በቃሉ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ የቀረነው እንከራከራለን። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ አባታችን «ጠንቋይና የሙት መንፈስ ያለበትን የዓለም ቲያትር በእግዚአብሔር ቤት ታነብባላችሁ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጳውሎስ በአቴና፣ በአርዮስፋጎስ ቆሞ፣ የግሪኮችን ባለቅኔ መጥቀሱን ነገርኳቸው፤ የሐዋርያት ሥራ 17 ላይ አለ። «እሱ ጳውሎስ ነው፤ እናንተ እናንተ ናችሁ» አሉኝ። ሆኖም አዳራሹን አልከለከሉንም።

ነገሩ የተነሣው ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ «ዛው» የሚለው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል የክብር መጠሪያ ነው አለ፤ ለእግዚአብሔር፣ ለነገሥታትና ለመሳሰሉት የሚውል፣ በእኛ አንቱ ማለት ነው አለ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው አስብ ነበር። የምናገኘው የት ነውና? በኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ በቆዩት የእንግሊዝኛ መዝሙሮች ውስጥ። እግዚአብሔር ዛው ከተባለ፣ ዛው ትልቅ ቃል መሆን አለበት።

እውነቱ ግን ተገልብጦ ነው ያለው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው የምትጠራባቸው ሁለት ቃላት ነበሩት። ዛው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የምናውቀው ዩ ደግሞ በመሠረቱ «እናንተ» ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድን ትልቅ ሰው እንደ ብዙ ሰው ቆጥሮ ዩ ማለት የአክብሮት ወግ ሆነ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አንቱም የመጣው ከግዕዙ «አንትሙ»፣ ማለትም ከ«እናንተ» ነው ይላሉ የቋንቋ ሰዎች። አንዱን ስናከብረው እናበዛዋለን፤ «መጡ» ስንል ሰዎች መምጣታቸው ይሁን አንድ ሽማግሌ በዐውዱ ካልሆነ አይለይም። (እኔም በዚህ ጽሑፍ «እናንተ» የምላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ እንጂ እያከበርኳችሁ አይደለም፤ አትቀየሙ።) እንግዲህ ዛው አንተና አንቺ ነው፤ ለልጅ፣ ለአሽከር፣ ለባልንጀራ፣ በጓዳ ለሚስት፣ በንዴት ለጠላት የሚባል። ዩ አንቱ ነው።

ታዲያ መጽሐፍ ቅዱሱ ለምን ዛው አለ? ዕብራይስጡም ግሪኩም ነጠላና ብዙ እንጂ አንተና አንቱ የላቸውም። ቲንደል እ.ኤ.አ. በ1526 አዲስ ኪዳንን ወደ እንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ ከእርሱም በኋላ በ1611 የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች፣ ነጠላውን ሁሉ በዛው መለሱት። እግዚአብሔርም ዛው፣ ባሪያውም ዛው። በማቴዎስ 4 በምድረ በዳ የሚፈትነው ዲያብሎስ እንኳ የሚመለስለት በዚያው ቃል ነው፤ ዲያብሎስ የተጠራበት ቃል የክብር ቃል ሊሆን አይችልም። ኋላ ዛው ከገበያና ከቤት ንግግር እየጠፋ ሄደ፤ የቀረው በመጽሐፍ ቅዱስና በጸሎት ብቻ ሆነ። አሮጌ ዋንጫ ለመጠጫ መዋሉ ሲቀር መደርደሪያ ላይ ወጥቶ እንደሚከበር፣ ያም ቃል ስላረጀ ተከበረ።

እዚህ ላይ የራሴን ንግግር ማረም አለብኝ። ለዚያ ልጅ «አንተ የምንለው ቅርባችን ስለሆነ ነው» ያልኩት ሙሉ እውነት አልነበረም። ግዕዙም አንቱ የለውም፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ከዚያ መንገድ አልወጣም። አንተ የሚለውን ስለ ቅርበት ብለን አልመረጥነውም፤ ወረስነው። ቅርበቱን ያገኘነው ከቃሉ ጋር ስንኖር ነው። አስተማሪ ነኝና ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ እያወቅሁም ቸኮልኩ።

ነገሩን ትንሽ የሰዋስው ጉዳይ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ውስጥ አንዱ ሰካራም ባላባት ጓደኛውን ለጸብ ሲያነሣሣው፣ ለተቀናቃኝህ በምትጽፈው ደብዳቤ ሁለት ሦስት ጊዜ ዛው ብትለው አይከፋም ብሎ ይመክረዋል። ሰይፍ ለማስመዘዝ ያ ይበቃል። በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን ኩዌከር የተባሉት አማኞች ተነሥተው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለሁሉም አንድ ቃል ከተጠቀመ እኛም ለዳኛም ለመኳንንትም ዛው እንላለን አሉ። በዚህ ምክንያት ተደብድበዋል፤ በዚህና ባርኔጣ ለሰው አናወልቅም በማለታቸው ወኅኒ ወርደዋል። ለአንዲት ተውላጠ ስም! ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ ተማሪ ይህን ሲያነብ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። የቦረና ልጅ ግን አያስፈልገውም። አንድ ጎረምሳ የጎረቤቱን አባወራ በሰው ፊት «አንተ» ቢለው ምን እንደሚከተል ያውቃል።

በስልካችሁ የምታወርዱትን፣ በዘመኑ እንግሊዝኛ የቀለለውን ቅጂ የማልወደው ለዚህ ነው። ይጠቅማል፤ ታሪኩን ለመከተል እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ዛውንም ዩንም ጠቅልሎ ዩ ያደርጋቸዋል። ማቅለሉ የሚያጠፋው ልክ አማርኛ ሊይዘው የሚችለውን ነገር ነው። አስቸጋሪውን እንግሊዝኛ ይዛችሁ በአማርኛ ጆሮ ብትሰሙት ይሻላል።

«ሐምሌት»ን ያነበባችሁ ሦስተኛው ገቢር፣ አራተኛው ትዕይንት ላይ ቁሙ። ልጅ እናቱ ክፍል ገብቷል። አባቱ ሞቷል፤ እናቱም ብዙ ሳትቆይ የአባቱን ወንድም አግብታለች። አዲሱን ባሏን አባትህ ብላ ጠርታ ልጇ እንዳስቀየመው ትነግረዋለች፤ ቃሏ ዛው ነው፣ የእናት አንተ። እርሱም ያንኑ ክስ መልሶ ይወረውርባታል፤ አባት ሲል ግን ሟቹን ማለቱ ነው። ይጠራትም በዩ ነው። ልጅ ወላጁን ዩ ማለቱ የዘመኑ ወግ ስለነበር ይህ ብቻውን ስድብ አይደለም። የሚያስደነግጠው የእናትየው ነው። ወዲያው ስትመልስለት ዛውን ትጥለውና ዩ ትለዋለች። በሁለት ስንኝ መካከል ልጇ እንግዳ ሆነባት። ይህን ስናነብ አንዲት እህት ሳቀችና «እናቴም ስትናደድብኝ እርስዎ ነው የምትለኝ» አለች። የሊቃውንት ሐተታ ገጽ የሚፈጅበትን በአንድ አፍ ጨረሰችው።

ሐምሌት ላይ እያለን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርእሴ ትንሽ ቢወጣም አላልፈውም። ሞትንና መኖርን እያመዛዘነ ብቻውን በሚናገርበት ዝነኛ ቦታ፣ ወደ መጨረሻው፣ ሰውን ፈሪ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ይናገራል። የሚጠቀምበት የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ ክፉና ደጉን የሚለየውን የውስጥ ዳኛ ብቻ ያመለክታል። በሼክስፒር ዘመን ግን ያ ቃል ማሰብንም፣ በውስጥ ማወቅንም ይጨምር ነበር፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ የትኛውን ማለቱ ነው እያሉ ይከራከራሉ። አማርኛ አንባቢ አይከራከርም። ኅሊና አለን። «ኅሊናዬ ወቀሰኝ» እንላለን፤ «በኅሊናዬ ሣልኩት» እንላለን። ቃሉ «ኀለየ»፣ አሰበ፣ ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው፤ ሁለቱንም ትርጉም ሳይለያይ ይዟል። ሮሜ 2 ላይ የሚመሰክረውም እርሱ ነው። እንግሊዝኛው በጊዜ ብዛት የጣለውን ግማሽ አማርኛ አልጣለውም።

ወደ ሊር እንመለስ። ታሪኩን ለማታውቁት፦ አንድ የሸመገለ ንጉሥ በሕይወት ሳለ መንግሥቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሊያካፍል ይነሣል፤ ማን ይበልጥ እንደምትወደው በጉባኤ ፊት እንዲናገሩ ይጠይቃቸዋል። ሁለቱ ታላላቆች፣ ጎነሪልና ሬጋን፣ ቃል ያዘንባሉ። ታናሿ ኮርዴልያ ምንም የምለው የለኝም ትላለች፤ ልጅ አባቷን የመውደድ ግዴታዋን ያህል እንደምትወደው ብቻ ትናገራለች። ይቆጣና ይነቅላታል፤ ድርሻዋንም ለሁለቱ ያከፋፍለዋል። መቶ ባላባት ተከታዮች ለራሱ አስቀርቶ በየወሩ ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ እየተዘዋወረ ሊጦር ይወስናል። ያ መቶ ወዲያው ሃምሳ፣ ሃምሳው ሃያ አምስት ይሆናል፤ በመጨረሻም አንድስ ለምን አስፈለገህ ይባላል። ልጆቹም በሩን ዘግተው በማዕበል ሌሊት ውጭ ይተዉታል።

ይህን ስተርክ ያ ከገጠር የመጣው ወንድም ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጽሐፍ ባይዝም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀምሯል። ድንገት «መሬታቸውን በቁማቸው ሰጡ?» አለ። ለተውኔት ንጉሥ እንኳ አንቱታውን አልነፈገም። ደግሞም ከሁላችን ቀድሞ የተረዳው እርሱ ነው። በደጋችን መሬት ጠባብ ነው፤ አባት መቼና ለማን እንደሚያካፍል፣ ማን ጧሪ ማን ቀባሪ እንደሚሆን፣ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። እንግሊዝኛ ጧሪ የሚለውን ቃል በአንድ ቃል የሚመልስ አይመስለኝም። ሊር የጧሪ ተውኔት ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ተውላጠ ስሞቹን ተከተሉ። ልጆቹ ሦስቱም አባታቸውን ዩ ይሉታል፤ ወጉ ነው። እርሱ ጎነሪልንና ሬጋንን ድርሻቸውን ሲሰጣቸው በዛው ነው፤ ደስ ያለው አባት አንቺ። ኮርዴልያን ሲጠይቃት ግን ዩ ይላታል። የሚወዳት ልጁ ናት፤ በጉባኤው ፊት ከፍ አድርጎ ሊያሳያት ፈልጓል። ምንም ስትለው ጥቂት ይታገሣል፤ ንግግርሽን አስተካክይ ብሎ ዕድል ሲሰጣት እንኳ በዩ ነው። ከዚያ ይህ ከልብሽ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃት ቃሉ ወረደ፤ ዛው ሆነ። ለእህቶቿ የተሰጠው አንቺና ለእርሷ የተወረወረው አንቺ አንድ ቃል ናቸው፤ አንዱ ምርቃት ነው፣ ሌላው መነቀል። ሼክስፒር ይህን አያብራራም፤ ተዋናዩም ሊያብራራው አይችልም። የሚሰማ ይሰማዋል።

ቀጥሎ ኬንት ይነሣል። ታማኝ መኳንንት ነው። በክብር ይጀምራል፤ እንደ ንጉሥ አክብሬህ፣ እንደ አባት ወድጄህ ኖሬአለሁ ለማለት ሲሞክር ሊር ያቋርጠዋል። ያን ጊዜ ኬንት ንጉሡን በጉባኤ ፊት ዛው ይለዋል፤ ሽማግሌው ብሎም ይጠራዋል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» በምንልበት አገር ይህን በአማርኛ ስትመልሱት እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቹ አንዱ «ኬንት ተሳደበ» አለ። እኔ አልስማማም። ንጉሡ ዘውዱን ለሁለት ሰው አካፍሎ ሲያበቃ ከንጉሥነቱ ሥር የቀረውን ሽማግሌ የጠራው ኬንት ብቻ ነው። ዋጋውን ከፈለ፤ በስድስተኛው ቀን ጀርባውን ለአገሩ እንዲሰጥ፣ በዐሥረኛው ቀን ከተገኘ እንዲሞት ተፈረደበት። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ ኬንት መልኩን ለውጦ አሽከር ሆኖ ወደ ሊር ሲመለስ ዛውን አይደግምም፤ ጌታዬ ይላል፣ ዩ ይላል። ሰውየው ሁሉን ሲያጣ አንቱታውን መለሰለት።

ስለ ትርጉሞቹ ትንሽ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን በአማርኛ ግጥም ሰጥቶናል። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ንጉሥ ሊር»ን መልሷል። የሼክስፒር ስንኝ ባብዛኛው ዐሥር ቀለም ነው፤ ቤትም አይመታም። አማርኛ ግጥም ግን ቤት ካልመታ ጆሮ አይገባም። ጸጋዬ በግጥሞቹ የለመደው ስምንት ስምንት ቀለም እያለ የሚረዝመው ስንኝ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ይባላል፤ ለተቆጣ ንጉሥ ትንፋሽ ይበቃል። «ሐምሌት»ን ካገኛችሁ ያችን የእናትና የልጅ ትዕይንት ከእንግሊዝኛው ጎን ገልጣችሁ፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደጠራ በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ጸጋዬን «እርሱ» ነው ያልኩት፤ የሞተው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆን ነበር። ለደራሲ አንቱታ አንሰጥም። ለታሪክ ንጉሥም አንሰጥም። ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ባለው መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ «ሞተ» እንላለን፤ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን ጉንፋን ቢይዛቸው «ታመሙ» ነው። አንተና እርሱ ከወግ በታች ላለውም ከወግ በላይ ለወጣውም ይውላሉ። የእግዚአብሔርንም አንተ ከዚህ ጋር አያይዤ ለማየት እሞክራለሁ፤ ጨርሼ ግን አላሰብኩትም።

የማዕበሉን ትዕይንት በፍጥነት አልፋለሁ፤ ብዙ ተጽፎበታል። አንድ ነገር ብቻ፦ የሊር ማዕበል የሚወርድበትን ቦታ በኋላ የመጡ አዘጋጆች «ሂዝ» ብለው ሰይመውታል። መዝገበ ቃላት «ገላጣ ሜዳ» ይላችኋል። ቃሉ ግን የቁጥቋጦም ስም ነው፤ ያ ቁጥቋጦ በደጋችን ተራሮች ከሚበቅለው አስታ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ሜዳ አትበሉ። ከአቀስታ በላይ ያለውን ውርጭና ነፋስ፣ ከአስታ በቀር መጠጊያ የሌለበትን አስቡ፤ በዚያ ላይ ራሱን ያልሸፈነ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ አቁሙበት።

አራተኛው ገቢር፣ ሰባተኛው ትዕይንት ላይ የደረስነው ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ነው። ኮርዴልያ ከፈረንሳይ ተመልሳ የታመመ አባቷን አግኝታዋለች። ተኝቷል። በላዩ ጎንበስ ብላ ትናገራለች። ነጭ ጠጉሩን እያየች ስትናገር በዩ ነው፤ አባታቸው ባይሆን እንኳ ይህ ያሳዝናቸው ነበር ትላለች። ከዚያ ከእሪያዎችና ከመጠለያ አልባዎች ጋር በበሰበሰ ገለባ ላይ ማደሩን ስታስብ ዛው ትለዋለች። በዚያች ትዕይንት አባቷን እንደዚያ የምትለው በማይሰማበት ጊዜ ብቻ ነው። ዐይኑን ሲገልጥ ወዲያው ወደ ንጉሥነቱ ትመልሰዋለች፤ ግርማዊነትዎ ትለዋለች፤ በፊቷ ሊንበረከክ ሲሞክር አይሆንም ትላለች።

ያን ቀን የመመለሱ ተራ የዚያ ወንድም ነበር፤ ራሱ ጠይቆ ነው የወሰደው። እንግሊዝኛው ስለማይበቃው አንዱ ተማሪ ሐሳቡን እየነገረው፣ እርሱ በአማርኛ እየጻፈ ሄደ። ዛው የሚለው ጋ ሲደርስ «እዚህ ላይ አንተ ትላለች» አልኩት። እርሳሱን አስቀመጠ። «አትልም» አለኝ። እንግሊዝኛውን አሳየሁት፤ ጣቴን ቃሉ ላይ አደረግሁ። አላየውም። «ቢተኙም አባቷ ናቸው። አንተ ካለቻቸው እንደ እህቶቿ ሆነች።»

ተማሪዎቹ ጽሑፉ የሚለውን ነው መመለስ ያለብን አሉ። እኔም ሁለት ቀን አሰብኩበት። በእንግሊዝኛው ረገድ ልክ አይደለም፤ ኮርዴልያ በዚያ ቦታ ዛው ማለቷ ድፍረት ሳይሆን እቅፍ ነው። በአማርኛው ረገድ ግን፣ በተለይ በእርሱ አገር አማርኛ፣ እቅፉ አይደርስም፤ የሚደርሰው ድፍረቱ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ዛው አንተ ነው እያልኩ ሳስተምር ነበር፤ ብዙ ቦታ ነውም። እዚህች ቦታ ላይ ግን ቃሉ ቃሉን አይከፍተውም። እናቱን አንቺ፣ አባቱን አንቱ እያለ ያደገ ልጅ ለአባቱ ያለውን ስስት በተውላጠ ስም አያወጣውም፤ ሌላ ቦታ ያወጣዋል።

የት እንደሚያወጣው ያሳየኝ ወረቀቱ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጥቶ ሰጠኝ። እንግሊዝኛው አዛኝቶ «ምስኪን አባት» የሚለው ቦታ ላይ «አባብዬ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ግሡ ሁሉ በአንቱ ነው፤ አደሩ፣ ተኙ፣ በረድዎ። ያቺ «ዬ» ዛው የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። ሊር ሲነቃ ደግሞ «አባብዬ» ይጠፋና «ንጉሥ ሆይ» ይሆናል፤ ግሡ ግን ሳይለወጥ ይቀጥላል። ሼክስፒር በተውላጠ ስም ያደረገውን መውጣትና መውረድ እርሱ በመጥሪያው አደረገው። ከተማሪዎቹ ሁለቱ እስከ አሁን አልተቀበሉትም፤ አንዱ እንዲያውም ሰዋስው ነው እንጂ ስሜት አይደለም ብሎ ሁለት ገጽ ጽፎ ሰጥቶኛል። ይቅርታም ጠየቅሁት፤ ተማሪውን ሳይሆን ያንን ወንድም፤ ስለዚያች ስለ በር ላይዋ ምሽት። «ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ እንዳልረሳው ግን ያስታውቃል።

አምስተኛው ገቢር ይቀረናል። ሊር የሞተች ልጁን ታቅፎ የሚገባበት ነው፤ ለማትሰማው ልጁ ዛው ይላታል። አንቺ መሆኑ ላይ ማንም አይከራከርም። ግን ማን ያነብበዋል በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም፤ ሁሉም ለሌላው ይተዋል።